ጥር ላይ የተሠራ፣ መጋቢት ላይ የተሰፈረ፦ የአንድ የመንዝ ቤተሰብ የ2008 ዓ.ም ጉዳይ

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር አንድ የደጋ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ይህ ጽሑፍ ከ2007 መጋቢት ጀምሮ የተከታተልኩትን የአንድ ቤት ጉዳይ ይመለከታል። የቤቱን ሰዎችም ሆነ የቀበሌውን ስም አልጽፍም። ቁጥሮቹን ያገኘሁት ከቤቱ ሰዎች አንደበትና እኔው በእጄ ከሞላሁት መዝገብ ነው።

ይህን ቤት የመረጥኩት የከፋ ስለነበር አይደለም፤ ከእሱ የከፋ ነበር። የመረጥኩት በወረቀት ላይ ምንም ያልጎደለበት ቤት ስለሆነ ነው። ችግረኛ ቤት የማኅበረሰብ ሥራ ሠርቶ እህል ወይም ብር በሚያገኝበት በሴፍቲኔት ፕሮግራም ተመዝግቧል፣ ካርድ አለው፣ ሥራውን ሠርቷል፣ ስፍሩን፣ ማለት የሥራውን እህል፣ ተቀብሎ ፈርሟል። ያም ሆኖ ተርቧል። የተራበውም ስፍሩ ከሥራው ሁለት ወር ስለዘገየ ነው። ስለ ምግብ ድጎማ ስንነጋገር ስንት ኩንታል፣ ስንት ሚሊዮን ብር፣ ስንት ሕዝብ እንላለን፤ መቼ የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። መንዝ ላይ ያየሁት ረሃብ የመቼ ረሃብ ነው።

ቤቱ

ሰባት አፍ ነው፦ አባወራው፣ በቀበሌው ሰው ሁሉ እትዬ የሚባሉት እማወራዋ፣ አራት ልጆችና የአባወራው እናት እማማ። እንደ መንዝ ቤት ሁሉ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው። መሬታቸው ሁለት ጥማድ ገደማ ሲሆን ግማሹ ተዳፋት ላይ ነው። በሬያቸው አንድ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ያርሳሉ። በ2007 መጀመሪያ ዘጠኝ በግ ነበራቸው። አህያ የላቸውም፤ ይህ በኋላ ይመጣል።

በ2005 ይህ ቤት ከሴፍቲኔት "ተመርቆ" ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን እንዲህ ያህል አባወራ አስመርቁ የሚል ግፊት በየቀበሌው ነበር፤ የበጎቹ ቁጥር ተቆጥሮ ራሳቸውን ችለዋል ተባለ። አቤቱታ አቅርበው የተመለሱት በ2007 ነው። በአንድ ክፉ በጋ ሊሸጥ የሚችልን በግ ሀብት ብሎ ቆጥሮ ሰውን ማስመረቅ ያን ጊዜም ልክ አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም።

በልግ የከዳበት ዓመት

መንዝን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከፍ ባለው ደጋ ላይ ክረምቱ ከብርዱና ከውኃው ብዛት የተነሳ ለገብስ አይመችም። ቤት የሚያቆመው የበልግ ገብስ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ይዘራል፣ በሐምሌ ይታጨዳል። የመኸሩ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ እሱንም ቢሆን በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በልግ ሲቀር መንዝ ላይ የሚቀረው ዋናው ምርት ነው፤ በሌላው አገር እንደሚታሰበው ጭማሪው አይደለም።

በ2007 በልጉ ቀረ። እትዬ ቤት የተዘራው ገብስ ጣት ሳይሞላ ደረቀ። ቀጥሎ ኤልኒኖ ክረምቱን አዛባው፤ ዘግይቶ ገባ፣ ቀድሞ ወጣ፣ የተረፈውን ቡቃያ በኅዳር ውርጭ አቃጠለው። በዚያው በጋ መንግሥትና አጋሮቹ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። በሴፍቲኔት የነበረው ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነበር።

ረሃብ ወደ መንዝ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያባርረው ጠላን ነው። ገብሱ ለጠላ አይበቃም። ከዚያ ማኅበር ይቀራል፤ ተራው ደርሶ ጽዋውን መቀበል ያልቻለ ሰው አፍሮ ይሸሻል። እትዬ በ2008 ጥር ለአስተርዮ ማርያም ጠላ አልጠመቁም፣ የማኅበር ተራቸውንም ለሌላ ሰው አሳለፉ። በየቤቱ እየዞርኩ ስለ ምርት ስጠይቅ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለኝ ሰው ሁሉ፣ ዘንድሮ ጠመቃችሁ ወይ ስለው ዝም ይላል። ከቅጹ ይልቅ ያ ዝምታ ልክ ነበር።

በየካቲት 28 ሁዳዴ ገባ። ጾም ረሃብን ይሸፍናል። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ቢውል የሚጠይቀው የለም፤ ትንንሾቹ ልጆች ግን አይጾሙም። እነሱን ያየ ሰው ነው የቤቱን ሁኔታ የሚያውቀው።

ሴፍቲኔት የሚለው

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ ጥሪ ይተላለፋል፣ እርዳታ ይለመናል፣ እህሉ የሚደርሰው ሰው ጥሪቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነበር። በየዓመቱ እንደሚቸገር የሚታወቅ ቤት በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ ሊታይ አይገባም፤ ቀድሞ ይመዝገብ፣ በታወቀ ጊዜ የታወቀ መጠን ያግኝ ተባለ። ሥሩን ላየው ሰው የፕሮግራሙ ነፍስ እህሉ አይደለም። የታወቀ መሆኑ ነው።

ደንቡ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ አፍ በወር አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን፣ ክትር፣ መንገድ፣ የምንጭ ማጎልበት። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ብር ነው፤ በወር ለአንድ አፍ 15 ኪሎ ይሆናል። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። በ1997 የብሩ ክፍያ በቀን 6 ብር ነበር፤ ለአምስት ቀን 30 ብር ማለት ነው። እህል በ2000 ዓ.ም ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር ቢጨመርም ገበያውን አልደረሰበትም፤ ሰው "ብሩ ይቅርብንና እህል ስጡን" ያለው ያኔ ነው። በእኛ ቀበሌ በ2008 የሚሰፈረው ስንዴ ነበር፣ ሲገኝ ደግሞ አተር ክክ።

እትዬ ቤት ሰባት አፍ ቢሆንም ካርዱ ላይ የተያዘው አምስት ነው። ለአንድ ቤት ከአምስት በላይ አይመዘገብም ተብለን ነበር። አምስት ጊዜ 15 ኪሎ በወር 75 ኪሎ ይመጣል። 15 ኪሎ በወር ማለት ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፤ 75ቱ ኪሎ ለሰባት ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው በቀን 350 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ያም የወፍጮው ሳይቀነስ፣ ስፍሩ በቀኑ መጥቶ ነው። እናት ደግሞ ለአምስቱ ሰጥታ ሁለቱን አትከለክልም።

በቀኑ አልመጣም።

ሁለቱ ወራት

ሥራው ጥር ላይ ተጀመረ። ለአምስት አፍ 25 ቀን ነው፤ አባወራውና እትዬ ተካፈሉት። ከቀበሌው በላይ ያለውን ተራራ በድንጋይ እርከን እናስር ነበር። ጠዋት ዶማው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ እትዬ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነው የሚይዙት። እኔ ስም እጠራለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ ሜትር እለካለሁ። በዚያው ወር ሕዝቡ በነጻ የሚወጣበት የተፋሰስ ዘመቻም ነበር። የሴፍቲኔት ሰው ሁለቱንም ይሠራል።

በየካቲት ደግሞ የበልግ እርሻ ይደርሳል። የፕሮግራሙ አቆጣጠር የወጣው በመኸር ለሚተዳደር አገር ነው። እዚያ ከጥር በኋላ ገበሬው እጁ ባዶ ነው፤ መንዝ ላይ ግን ከዓመቱ ዋና እርሻ ጋር ይጋጫል። አባወራው በሬው ተራ ደርሶት ሁለት ቀን ከእርከን ቀሩ፤ ሁለቱን ቀን በመዝገቡ ላይ ቀሪ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው። በኋላ እትዬ በሌላ ቀን ሠርተው ሞሉት።

ጥር አለቀ፤ ስፍር የለም። የካቲት ገባ፤ "በመንገድ ላይ ነው" ተባለ። በጥር አጋማሽ አባወራው ወደ ገበያ ወርደው ከአንድ የእህል ነጋዴ አንድ ኩንታል ገብስ ተበደሩ። ውሉ በቃል ነው፦ አንድ ወስዶ አንድ ተኩል መመለስ፣ ያውም ስፍር በወረደ ቀን። መያዣው የሴፍቲኔት ካርዱ ነበር። ይህን ያወቅሁት ካርድ ስቆጣጠር እትዬን "ካርዱን ያምጡልኝ" ብያቸው መሬት መሬት ባዩ ጊዜ ነው። "እሱ ዘንድ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። የማን መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የአሥራ አንድ ቤት ካርድ እዚያው ነበር።

ነጋዴውን ክፉ ሰው ብዬ አልጽፈውም። ያን ሰሞን እህል ያለውና የሚያበድር እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ባይኖር ጥርን የሚሻገሩበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ግን ንግዱ የቆመበት ነገር ግልጽ ነው፤ ስፍሩ በጥር መጀመሪያ ቢመጣ ኖሮ አሥራ አንዱም ካርድ በየቤቱ ይሆን ነበር።

በየካቲት በጎቹ መሄድ ጀመሩ። እትዬ በደህናው ቀን አንድ ሙክት አንድ ኩንታል ገብስ ያስጭን ነበር ይላሉ። በዚያ ወር ለአንድ ኩንታል ሦስት በግ ነዱ፤ ሁሉም ሰው በግ ሻጭ፣ ሁሉም ሰው እህል ገዥ ሲሆን ገበያው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ሁለት በግ ለወፍጮ፣ ለጨውና ለታናሿ ልጅ ሕክምና ወጣ። ዘጠኙ በግ አራት ሆነ።

መጋቢት ሲገባ የዘሩ ጎታ ተከፈተ። በጭቃና በእበት ተለስኖ የታሸገ፣ ለበልግ የተቀመጠ 30 ኪሎ ገብስ ነበር። የከፈቱት እማማ ናቸው። ምራታቸው እንዳይከፍቱት፣ ኃጢአቱም የእሳቸው እንዳይሆን ብለው ነው አሉኝ። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሶ ሆኖ ለልጆቹ ተበጠበጠ። ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ።

የስፍር ቀን

በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት መኪና መጣ። የጥርና የየካቲት ስፍር በአንድ ላይ ነው ተባለ። መጋዘኑ ከእነ እትዬ ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ለወትሮው የወር ስፍር ሲሆን ችግሩ ጆንያው 50 ኪሎ መሆኑ ነው። 75 ኪሎ ማለት አንድ ጆንያ ተኩል ስለሆነ ሁለት ቤት ሦስት ጆንያ ይወስድና ሦስተኛውን በጣሳ ይካፈላል። መጋዘን በር ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ ሁሉ የዚያች ጣሳ ጭቅጭቅ ነው፤ ሞላች፣ ጎደለች፣ ተነቀነቀች። ያን ቀን ግን የሁለት ወር ስለሆነ ለእትዬ ቤት ልክ ሦስት ሙሉ ጆንያ ደረሰ፤ 150 ኪሎ። መካፈልም መጨቃጨቅም አልነበረም።

ዕዳውም 150 ኪሎ ነው።

የነጋዴው አህዮች ውጭ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። ካርዱን ይዞ የመጣው ልጁ ነው። ስማቸው ተጠራ፣ እትዬ በቀለም ጣታቸውን አሳረፉ፣ ሦስቱ ጆንያ ከመጋዘን ወጥቶ በቀጥታ አህያ ላይ ተጫነ። ካርዱ ተመለሰላቸው። አህያ እንዴት እናገኛለን ብለው ሌሊቱን ሲጨነቁ እንዳደሩ ነግረውኝ ነበር። አህያ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ያደረጉትን አልረሳውም። ጆንያ ሲነሳ ሲወድቅ ከስፌቱ የሚያፈሰው ስንዴ መሬት ላይ ይቀራል። ሴቶቹ ተጎንብሰው ይለቅማሉ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ከአፈሩ ጋር ሰበሰቡት፣ በመዳፋቸው እያበጠሩ አቧራውን ነፉት። ሁለት ጣሳ ያህል ሆነ። ሰባት ሰው ለሁለት ወር ጠብቆ፣ ሁለት ሰው ሃምሳ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ፣ በዚያ ቀን ወደ ቤት የገባው ያ ነው።

እማማ የ1966ንም የ1977ንም አይተዋል። በ77 እህሉ ራሱ አልነበረም፤ ዛሬ ግን እህሉ በዓይኔ ፊት አልፎ ሄደ አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም።

ሂሳቡ

ለስድስቱ ወር የቤቱ ድርሻ 450 ኪሎ ነው። ከዚህ 50ው የመዘግየት ዋጋ ሆኖ ወጣ፤ ከዘጠኝ እጅ አንዱ። ለአንድ ኩንታል ከአንድ በግ ይልቅ ሦስት በግ ስለነዱ ሁለቱ በግ የመዘግየት ዋጋ ነው። የበልጉ ዝናብ በሚያዝያ ሲመጣ ደግሞ፣ ያውም ጎርፍ እስኪሆን ሲመጣ፣ የሚዘሩት አልነበራቸውም። አንዱን ጥማድ ዘርና በሬ ላለው ሰው በእኩል ሰጡ። ከዚያ ማሳ ከተገኘው ገብስ ግማሹ የሰውየው ሆነ፤ የዚያ ግማሽ ዋጋ ከሃምሳው ኪሎ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በየትኛውም ሪፖርት የለም። በሪፖርቱ ላይ "አምስት ተጠቃሚ፣ የጥርና የየካቲት፣ 150 ኪሎ፣ ተከፍሏል" ይላል። ቃል በቃል እውነት ነው፤ የላክሁትም እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እስካሁን የሚከነክነኝ። ሴፍቲኔት ሲነሳ "ድጎማ"፣ "እርዳታ"፣ "ጥገኝነት" ይባላል፤ መንግሥት ለድሃው ይሰጣል ነው ነገሩ። በ2008 ጥርና የካቲት ግን የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። እትዬና ባላቸው የ50 ቀን ጉልበት በቅድሚያ ሰጥተው ክፍያቸውን ይጠብቁ ነበር። አበዳሪዎቹ እነሱ ነበሩ። ለዚያ ብድር ወለድ የከፈላቸው የለም፤ ወለዱንም ለነጋዴው የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

ለምን ዘገየ

አንድ ጥፋተኛ ብፈልግ ጽሑፉ ያጥር ነበር። ገመዱ ብዙ ቦታ ላይ ነው የተቋጠረው።

የመጀመሪያው ቋጠሮ እኛው ዘንድ ነበር። ፔይሮል፣ ማለት የክፍያው ዝርዝር፣ የሚሠራው ከቀበሌ በሚወጣ የሥራ መዝገብ ነው። በአቤቱታ የተመለሱት ሰዎች ስም በአዲሱ ዝርዝርና በካርዱ ላይ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በአንዱ የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም። ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። እስኪስተካከል ሁለት ሳምንት ሄደ። ለአሥራ አምስት ቤት ስም ተብሎ የቀበሌው ሁሉ ስፍር ቆመ፤ የተስተካከለውን ለይቶ አስቀድሞ መላክ አይቻልም ተባልን። ለምን እንደማይቻል ያስረዳኝ የለም።

ሁለተኛው ቋጠሮ ባሕር ላይ ነበር። በ2008 የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ለመኸሩ ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ላይ በአንድ ሰሞን ደረሱ፤ ወደቡ ተጨናነቀ። መርከብ ተራ ሲጠብቅ መንዝ ላይ ገበያ ይወጣል። ሦስተኛው የጭነት መኪና ነው። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ጉምና ጭቃ ሲገናኙ ሾፌር ለምን እንደማይቸኩል ያውቃል።

ይህን ሁሉ ሲሰማ ሰው "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ድርቅ ነው" ይላል። እኔ አልልም። ምክንያቱም እህሉ ሁሉ ባሕር ማዶ አልነበረም።

እህሉ የት ነበር

ሰሜን ሸዋ አንድ ዞን ነው፤ ግን አንድ አገር አይደለም። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ዙሪያ፣ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ የሚያፍስ ምድር ነው። ምንጃር ሸንኮራ ጤፉ የታወቀ ነው። እትዬ ጥር ላይ እርከን ሲያስሩ የጅሩ ገበሬ አውድማውን ጠርጎ ስንዴውን በመኪና እየሸጠ ነበር፤ መኪናው የሚሄደው ግን ወደ መንዝ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ ሰው እየተራበ ሳለ እህል ከወሎ እየወጣ ይሸጥ ነበር፤ የተራበው የመግዣ አቅም ስላጣ ገበያው አላየውም።

መንግሥት እህል በወቅቱ ማድረስ አይችልም የሚለውንም አልቀበልም። እህል ከናረበት ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ለከተማ የዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴ በድጎማ ዋጋ ይቀርብ ነበር፤ ስኳርና ዘይትም በሸማቾች ማኅበር በኩል ይከፋፈል ነበር። እሱም ይጎድል፣ ሰልፉም ያስመርር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ርካሽ ዳቦ ማግኘቱ አይከፋኝም፤ ይገባዋል። ግን የከተማ ዳቦ አንድ ሳምንት ቢጠፋ በማግስቱ ይሰማል፣ ስብሰባ ይጠራል። የመንዝ ስፍር ሁለት ወር ሲዘገይ የሰማው ነጋዴው ብቻ ነበር።

ያ ዓመት ደግሞ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከተገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ነው። በ2007 ሐምሌ መንግሥት በ2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር አስወግዳለሁ ብሎ ቃል ገባ። በሙሉ ልቤ የምደግፈው ቃል ነው። የእትዬ ታናሽ ልጅ ያን ጊዜ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ናት። በእሷ ዕድሜ ሁለት ወር ትንሽ ጊዜ አይደለም፤ በሚያዝያ የሚመጣ ስንዴ የየካቲትን አጥንት አይመልስም።

ይህ ጉዳይ ያስተማረኝን ለወረዳው በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ እዚህም እደግመዋለሁ። የመጀመሪያው ወር ስፍር ከሥራው ይቅደም። አንድ ኪሎ መጨመር አያስፈልገውም፤ ያው 450 ኪሎ ነው፣ የሚለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ለዚህም እህሉ በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማ ሲጠረግና ዋጋ ሲረክስ፣ ከእነዋሪ ገበሬ ተገዝቶ ጥር ሳይወጣ መሐል ሜዳ መጋዘን ይግባ። በበልግ አገር ደግሞ የየካቲትና የመጋቢት ሥራ ለእርሻ ይለቀቅና ወደ ሌላ ወር ይዙር።

የመጣልኝ መልስ "ቀድመው ከወሰዱ በኋላ ሥራ ባይመጡስ?" የሚል ነበር። ጥያቄውን አልናቅሁትም፤ በሕዝብ ሀብት ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ ሳይከፈላቸው ሥራ ያልቀሩ ሰዎች ናቸው። የቀረም ቢኖር የሰኔው ስፍር ይያዝበታል፤ ቤቱም መሬቱም እዚያው ነው። ማመን ያለበት ማን ነው፣ ጥሪቱን ሸጦ የሚጠብቀው ወይስ መጋዘን ያለው?

ከዚያ ወዲህ

የመጋቢት፣ የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ስፍር ከሥራው አንድ ወር እየዘገየም ቢሆን መጣ፤ ተበላም። ፋሲካ ሚያዝያ 23 ነበር፣ ከጊዮርጊስ ጋር፤ እትዬ ቤት በግ አልታረደም፣ አራቱን ለማቆየት። የ2008 ክረምት ደህና ሆነ። በ2009 ጥር ስጎበኛቸው በጎቹ ስድስት ሆነው ነበር፤ የዘሩ ጎታም እንደገና ተለስኗል፤ የእማማ የጣታቸው ምልክት በደረቀው እበት ላይ ይታያል። ያሰርነው እርከን ሣር ይዟል፤ ውኃውንም እየያዘ ነው። ያ ሥራ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ይህም ሊነገር ይገባል።

ከቀበሌው ከለቀቅሁ በኋላም እንደዋወላለን። በ2015 ሰኔ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ እህሉ ለማይገባው እየዋለ ነው ብሎ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን ሲያቆም ደወልኩ። ስርቆቱ መመርመሩ ልክ ነው። ግን የሰረቀውና የተቀጣው አንድ አልነበረም። ከዚያ በጥቂት ወራት በፊት ኢትዮጵያ ስንዴ ለውጭ ገበያ ማቅረብ መጀመሯ ተነግሮ ነበር።

ስልኩን ያነሳው ትልቁ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ሰጠው። እትዬ እንደ ሁልጊዜው ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አገሩ ሰላም አስቀድመው ጠየቁኝ። ከዚያ፦

"ስንዴው ቁሟል ብለውናል። እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑን ሰምተሃል ወይ ልጄ?"

አልሰማሁም አልኳቸው።

"ገብሱን ሊሰጠን ነው፣ ያው ሰውዬ። ቀኑን ካላወቅን ስንት እንበደር?"